ከመቶ አርባ

ቨርና ሊንዳል የኮሚሽን ድርሻዋ እንዲጨመርላት ለአራተኛ ጊዜ ጠይቃ ለአራተኛ ጊዜ የተከለከለችው ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ንግግሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሰባቱ ስለ ብርዱ ነበር።

ሰሜን ዳኮታ ውስጥ የገንዘብ ነገር የሚነሳው እንግዳው ሊወጣ ሲል ነው።

«ሃርላን፣ ከመቶ አርባ የሚከፍሉ አሉ» አለችው የኤጀንሲውን ባለቤት፣ እጇ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ።

«ይክፈሉዋ።»

«ሠላሳ አምስት እንኳ ቢያደርጉልኝ።»

«ካንቺ ሥራ ለኔ የሚተርፈኝን ብታዪ ታዝኚልኝ ነበር።»

ስንት ነው የሚተርፍዎት ብላ አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። በመስኮቱ ማዶ፣ ባለፈው በጋ የተገዛው የሃርላን ጀልባ በሸራ ተጠቅልሎ በረዶ ለብሷል። ቨርና ጀልባውን አየችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሃርላን ስታድ ኤጀንሲ ሥር ሆና ለገበሬዎች የቤት፣ የመኪናና የበረዶ ጉዳት መድን ስትሸጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። ገበሬው ውሉን ባደሰ ቁጥር ኤጀንሲው ከሚያገኘው ኮሚሽን የእሷ ድርሻ ከመቶ ሠላሳ ነው። ወኪል ደሞዝ የለውም፤ የሚያሳክመው መሥሪያ ቤትም የለውም። ባሏ ዴል ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ የጭነት መኪና መንዳት ካቆመ ወዲህ፣ ለሕክምና መድኑ የምትከፍለው በየወሩ የገቢዋን ግማሽ ይወስዳል። አሥሯ ብትጨመር ቤታቸው ይተርፋል። ካልተጨመረች ይሸጣል። ቤቱን ዴልና አባቱ በእጃቸው ነው የሠሩት።

ነገሩን ሁሉ የሚያውቅላት ሰው የኤጀንሲው የቀድሞ ወኪል ኦርቪን ቴግ ነበር። ከገበሬዎች ኅብረት ሱቅ ገንዘብ ተቀባይነት አንስቶ ወደ ሥራው ያስገባት እሱ ነው። ገበሬ ቤት የቀረበልሽን ሳትበዪ ቦርሳሽን አትክፈቺ ብሎ ያስተማራትም እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ አራት ዓመት ቢሆነውም በየሐሙሱ ምሳ ይጋብዛታል። ሁልጊዜ ከፋዩ እሱ ነው። ሁልጊዜም በዚህ ሳምንት ስንት ውል ጻፍሽ ብሎ ይጠይቃታል። ሌላ የሚጠይቃት አልነበረም፤ ዴል እንኳ ትቶታል።

በዚያ ሐሙስ ሾርባው እስኪቀርብ አልጠበቀም።

«ጀልባውን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ስም ሊያወጣለት ነው አሉ። ‹ቨርና› ቢለው ያምርበታል።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ያሰበችውን ነገረችው። ሃርላንን ወረቀቱን ያሳዩኝ ልትለው ነው፤ ከመቶው ሠላሳው የእሷ ከሆነ ሰባው የት እንደሚገባ በዓይኗ ታያለች።

ኦርቪን ማንኪያውን አስቀመጠ። «ወረቀት እንዳትጠይቂ፣ ልጄ። ወረቀት የጠየቀ ሰው ሌባ ብሎ ተሳድቧል። ስድብ ደግሞ አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም።»

ማይኖት ከተማ ያለ አንድ ኤጀንሲ ከመቶ አርባ እንከፍልሻለን ብሎ እንደደወለላትም ነገረችው። ኦርቪን ለዚህም መልስ ነበረው። ደንበኞቹ በውል የሃርላን ናቸው፤ ከወጣች ሁለት ዓመት ሙሉ በራቸውን ማንኳኳት አትችልም። በሃምሳ ዓመቷ ከባዶ ልትጀምር ነው? እውነቱን ነበር፤ ውሏ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ጸደይ እስኪገባ እንድትታገሥ፣ ያን ጊዜ እሱ ራሱ ሃርላንን እንደሚያናግረው ቃል ገባላት። ቨርና ማይኖት ደውላ፣ አመስግና፣ አይሆንልኝም አለች።

በኤፕሪል ኦርቪን መልሱን አመጣ።

«ሰውዬው ድንጋይ ነው» አላት። «ድንጋይ እንኳ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል።»

ቤቱ በጁን ተሸጠ። ኦርቪን ፒክአፑን ይዞ መጣ። በሰባ አንድ ዓመቱ አልጋውን ከአንድ ጎረቤት ጋር ተሸክሞ አወረደ፤ ሁለት ጊዜም ተመላለሰ። ሚስቱ ድንችና ሥጋ በምድጃ ጋግራ ላከች። ዴል መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ መንገዱ ያይ ነበር። ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ማሽኖቹ ሲዞሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ወዲህ ቨርና ሃርላንን ከሰላምታ በቀር አታናግረውም ነበር። እሱም እንድታናግረው አልለመናትም። ለገበሬዎቹ ግን አልቀረችባቸውም። በጁላይ ምሥራቁን ወረዳ በረዶ መትቶት ስለነበር ሰው ፈርቷል፤ በአንድ ወር አሥራ ዘጠኝ አዲስ ውል ጻፈች። ኦርቪን ሲሰማ ጎበዝ አላት፤ በዚያ ቀን ከምሳው በኋላ ኬክ ጨምሮ አዘዘላት።

ኦርቪን ሐሙስ ሴፕቴምበር 20 ጠዋት ጋራዡ ውስጥ በልብ ድካም ሞተ። ሚስቱ ቀብሩ ላይ ቨርና እንድትናገር ጠየቀቻት። ቨርና በሰው ፊት መናገር አትወድም፤ አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ ጽፋ ሄደች። ሦስተኛው «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት እየሠራሽ ነው ብሎ በየሳምንቱ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው» ይል ነበር። አራተኛውን ሳታነብ ወረቀቱን አጥፋ ተቀመጠች። ሃርላን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያዞር ነበር።

ኦክቶበር 1 ቀን ጠረጴዛዋ ላይ የኤጀንሲው ፖስታ ተቀምጦ አገኘች። ደብዳቤው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ከሥሩ ሃርላን ፈርሞበታል።

«እንደምታውቂው፣ ኦርቪን አንቺን ወደ ሥራው ሲያስገባ እኔና እሱ በተዋዋልነው መሠረት በሕይወት እስካለ ድረስ ከመቶ አርባው ድርሻሽ ላይ ለእሱ ሲከፈል የቆየው አሥሩ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ለአንቺ ይከፈላል።»