እማዬን ያነሳት
«እዚህ ጋ ትንሽ ልቀመጥ» ትላለች እማዬ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ። ቤታችን አራተኛው ላይ ነው። አራብሳ ኮንዶሚኒየም ያለ ጉልበት አይወጣም፤ የእሷ ጉልበት ደግሞ ሰሞኑን ከድቷታል።

አጠገቧ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ከንፈሯ ነጥቷል። እንዲህም ሆና የብርቱካኑን ፌስታል ልትቀበለኝ እጇን ትዘረጋለች። አልሰጣትም። ሐኪም ቤት ከሄድን ወዲህ ብርጭቆ እንኳ አላስነሳትም።

«ኪኒንሽን ዛሬም አልዋጥሽም አይደል?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

«ለጾሙ ብለሽ ከሆነ የንስሐ አባትሽን ጠይቄያለሁ። ትዋጥ ብለዋል።»

«የጾም ነገር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? እንዲህ ሆነሽ ሳይሽ እኮ እፈራለሁ!»

ነጠላዋን ታስተካክላለች። ስታኮርፍ ትግርኛዋ ይመጣል። «ሉላ፣ ጓለይ፣ ያ ዶክተር ብርታት አንሷታል ሲልሽ አንቺ ራስሽን ነቀነቅሽ። አራት ልጅ ብቻዬን አሳድጌ እኔን ብርታት ይነሰኝ? እሱስ አያውቀኝም። አንቺ?»

መጀመሪያ አይገባኝም። ሲገባኝ ሳቄ ያመልጠኛል፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ ይከተላል። ይህን በሆዷ ይዛ ነው ለካ የሰነበተችው።

«ብርታት አላለም እማዬ! ብረት ነው ያለው፣ ብረት! ደምሽ ውስጥ ብረት አንሷል፤ የሚያደክምሽ እሱ ነው።»

የደረጃውን መደገፊያ በጣቷ ታንኳኳለች። «ይሄ? ሰው ውስጥ?»

«አዎ። ጤፍ ውስጥም አለ፣ ጎመን ውስጥም። ላንቺ ግን አልበቃሽም። ብርታት አነሳት የሚልማ ቢመጣ ከዚህ ፎቅ ነው የምወረውረው።»

ፊቷ ቀስ ብሎ ይፈታል። «በይ አምጪው ብረትሽን። ቤት ገብተን በሻይ እውጠዋለሁ።»

«በሻይ አይሆንም፤ ያግደዋል። የሚያግዘው ብርቱካን ነው ብላኛለች ፋርማሲስቷ።»

ከቦርሳዬ ኪኒኑንና የፕላስቲክ ውኃ አወጣለሁ። ዓይኗን ጨፍና ትውጠዋለች። ከዚያ አንድ ብርቱካን ልጣ ግማሹን በግድ እኔን ታጎርሰኛለች።

«አንቺም ገርጥተሻል።»

መደገፊያውን ይዛ ትነሳለች። እጇን እንደገና ወደ ፌስታሉ ትዘረጋለች።

እሰጣታለሁ። ይዛው ከፊቴ ትወጣለች።