የወንዙ ጎረቤት

ሾፌሩ ቁልፉን ሊያዞር ሲል ስልኩን አየና እጁን መለሰ። ከጂንካ ወደ ቆላ የሚወርደው ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ድልድይ የለውም፣ ዝናቡ ደግሞ ሲወርድ ነው ያደረው።

ከኋላው የተቀመጠችው አስካል ምን እንዳነበበ ታውቃለች። አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ወንዙ ድረስ እየወረደች፣ ውሃው ትልቁን ድንጋይ እስከ የት እንደሸፈነው ቴሌግራም ላይ ስትጽፍ ቆይታለች፤ ሁልጊዜ ሦስት መስመር፣ ሁልጊዜ «የወንዙ ጎረቤት» በሚል ስም። ዛሬ ግን እናቷን ልታሳክም መጥታ ጂንካ ስላደረች፣ «አልወረድኩም፤ አላየሁም» ብላ ብቻ ነበር የጻፈችው።

«ቴሌግራም ላይ ሌሎቹ መንገዱ ክፍት ነው ብለዋል እኮ!» አለች፣ እህቷ ጋ ትታው የመጣችው ሕፃን በዓይኗ ውል እያለባት።

ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። «ልጄ፣ እኚህ የወንዙ ጎረቤት የሚባሉት ሽማግሌ ያላዩትን ጽፈው አያውቁም። እሳቸው አላየሁም ካሉ፣ እኔ ይህን ሁሉ ሰው ጭኜ አልገባበትም።» ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ተሳፋሪው አጉረመረመ። አስካል ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ሽማግሌው እውነታቸውን ነው» አለች።