ሦስት ሊትር ጠበል

«በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ካልጠጡ መድኃኒቱ ኩላሊታቸውን ይጎዳል» አለቻት ሲስተር ልጅቱን፣ የእናቷን ግሉኮስ እየነቀለች። እናትየው ግን ከኬሞው ወዲህ ውሃ ብረት ብረት እያላቸው፣ አንዴ ተጎንጭተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ልጅቱ መለመኑም መቆጣቱም ሰለቻት።

በአራተኛው ቀን «የኪዳነ ምሕረት ጠበል ላምጣልሽ» አለች።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጄሪካን ይዛ ትወጣለች። ከኮሪደሩ ቧንቧ ትሞላና፣ ኪዳነ ምሕረት ደርሳ የተመለሰች እንዲመስል ደረጃው ላይ አንድ ሰዓት ታንቀላፋለች። እናትየውም አማትበው ቀኑን ሙሉ ይጠጡታል።

የኬሞው የመጨረሻ ዙር ባለቀ ዕለት ጄሪካኑን ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ ቆም አለች። በጎን ባለው አልጋ እህቷን የምታስታምም ሴት «ውሃ እምቢ አለችኝ» እያለች ለእናትየው ታለቅሳለች።

«ጠበል ነው ብለሽ ስጫት» አሉ እናትየው። «የኔዋም ከኮሪደሩ ነው የምትቀዳው። ቧንቧው ከትራስጌዬ ግድግዳ ማዶ ነው፤ ሲንቆረቆር እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ እያወቁ እንዴት ይወርድልዎታል?»

«የሹራቧ እጅጌ ጉንጯ ላይ ታትሞ ነው የምትመለሰው። እኔ እምቢ ካልኩ መች ትተኛለች?»