ደብዳቤው የሚለው

«ኢብሮ እንዲህ አላለም!» ይጮሃል ከዋጃ የመጣው ሾፌር፣ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ እንደወተፈ። ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ማይኩን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። «እኔ አረብኛው የሚለውን ነው የምናገረው። የኢብሮን ከፈለጋችሁ ራሱ ያውላችሁ።»

አያ ኢብሮ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቆቦ ውስጥ የውጭ ፊልም ሲተረጉም የኖረው እሱ ነው፤ ህንዱንም፣ ቱርኩንም፣ አረቡንም በአንድ አፍ። ክረምት ላይ ጉሮሮውን ታመመና ድምፁ ሄደ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሙህሲን ዛሬ ለእኔ አንድ ፊልም ሰጠኝ፤ «ሀጀራ፣ ሰው ካልወጣ ቦታው ያንቺ ነው። ከወጣ ግን እንዳትቀየሚኝ» ብሎ። ወላሂ፣ ይህን ቦታ እፈልገዋለሁ። ጅዳ ሰባት ዓመት የለመድኩት አረብኛ የሰው ቤት ትእዛዝ መቀበያ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።

የሰጠኝ ፊልም ደግሞ ቆቦ በቃሉ የሚያውቀው ነው። በዕድሜ እናቴን የሚበልጥ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የግብፅ። ባል ባሕር ተሻግሮ ይቀራል፣ ሚስት ከእናቷ ጋር ሆና ትጠብቀዋለች። መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ይመጣል። ሚስት አንብባ ፈገግ ትላለች፤ ኢብሮ «ለአረፋ እመጣለሁ!» ይላል፤ ቤቱ በፉጨት ይናወጣል። ጠዋት ብቻዬን ሳየው ግን ደብዳቤው እንዲያ አይልም። ለሙህሲን ነገርኩት። «ምን ቸገረሽ? እንደለመዱት በያቸው» አለኝ።

እናቴም መጥታለች። ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም፤ የልጇን ፈተና ልታይ ሻሿን አጥብቃ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች።

ፊልሙ ውስጥ ፖስተኛው በሩን ያንኳኳል። ሾፌሩ ሁለት ጣቱን ለፉጨት አፉ ውስጥ ከቷል። ሙህሲን በዓይኑ ይለምነኛል። የባልየው ድምፅ ደብዳቤውን ማንበብ ይጀምራል።

«አትጠብቂኝ» እላለሁ። «እዚህ አግብቻለሁ፤ ልጅም ወልጃለሁ። እናትሽን ሰላም በይልኝ።»

«ምን ትላለች ይቺ!»

«ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ እኮ! ይመጣል!» ሾፌሩ ብድግ ይላል። ሁለት ሰዎች በሩን በርግደው ይወጣሉ፤ የቀትሩ ብርሃን ቤቱን ይወረዋል። ሙህሲን ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ይዘረጋል።

ማይኩን አልሰጠውም። ካገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ? ሰባት ዓመት ተጭኛለሁ፣ ተለጉሜያለሁ። አሁን አገሬ ገብቻለሁ።

አያ ኢብሮ እጁን ያነሳል። ለእሱ ሲሉ ሁሉም ዝም ይላሉ። «ታዲያ ሚስትየዋ ለምን ትስቃለች?» ይላል በተዘጋ ድምፁ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ቋንቋው ሲያመልጠኝ ፊት ነው የማነበው። የከፋው ሰው እንዲህ አይስቅም።»

በሪሞቱ ፊልሙን አቆመዋለሁ። «እናትየዋን እያት፣ አያ ኢብሮ። ማንበብ አትችልም። የልጇን ፊት እያየች ነው።»

እለቀዋለሁ። ሚስትየዋ ደብዳቤውን ታጥፋለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ትናገራለች። እኔም እከተላታለሁ፦ «ለአረፋ እመጣለሁ ይላል፣ እማ።»

አያ ኢብሮ ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል። ሃያ ዓመት አልዋሸንም፤ የሰማው የሚስትየዋን ውሸት ነበር። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ከእንግዲህ የሚወጣ ሌላ ሰው የለም፤ ሙህሲንም የዘረጋውን እጁን ይሰበስባል። ቦታው የእኔ ሆነ ማለት ነው፤ ደስታው ግን እንዳሰብኩት አልመጣልኝም።

ይቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። በየጁምዓው ከጅዳ ለእናቴ ስደውል በድምፄ እስቃት የነበረችው ናት። እጄ በተሰበረበት ሳምንት እንኳ «ደህና ነኝ፣ እማ፣ ሥራው ቀላል ነው» ብያታለሁ። እሷም ሁልጊዜ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስልኩን ትዘጋው ነበር። አምናኝ ነው ብዬ ስንት ሌሊት በሰላም ተኝቻለሁ።

ፊልሙ ላይ እናትየዋ ልጇን ዝም ብላ ታያለች፣ ታያለች፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ጭኗ ስባ ታስተኛታለች። ምንም አትናገርም። የሚተረጎም ነገር የለም።

«አላመነቻትም» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል።

እናቴ ናት። በተከፈተው በር በገባው ብርሃን አያታለሁ። ዓይኗ ፊልሙ ላይ አይደለም፤ እኔ ላይ ነው።

ፊልሙ ያላለውን አንዲት ቃል እንዳልጨምር ጠዋት ምዬ ነበር። ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋለሁ።

«እናትየዋ» እላለሁ ለቤቱ ሁሉ፣ እንባዬን መዋጥ አቅቶኝ፣ «አላመነቻትም።»