ዲስኩ አልተገኘም

በመሥሪያ ቤቱ «ዶክተር» ይሉታል። ሐኪም ሆኖ አይደለም፤ የታመመ ኮምፒውተር ሲያመጡለት ጆሮውን አስጠግቶ ስለሚያዳምጥ ነው። በቢሮው በር ላይ «ከመጥራትዎ በፊት ኤሌክትሪኩን ይመልከቱ» የሚል ማስታወቂያ በትልልቁ ለጥፏል። ይህን ታሪክ ለሰው የሚያወራው እሱ ራሱ ነው፤ ሲያወራም ለራሱ ቅንጣት ታህል አያዝንም።

ሚስቱ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ታስተምራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በምልክት ቋንቋ የቀረጸቻቸው ትምህርቶች ያሉት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ሰሞኑን ሁለት ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ቀጥ ብሎ ነበር። ሦስተኛው የመጨረሻው እንዳይሆን ሁለቱም ፈርተዋል።

«ኢንተርኔት ላይ ብንጭነውስ?» አለችው።

«በእጄ ያልያዝኩትን ነገር አላምንም» አላት።

ሰኞ ዕለት ጡብ የሚያክል፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው ሀርድ ዲስክ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ሥር ባለችው፣ እስከዚያ ቀን የአማቱን ሬዲዮ ብቻ ታገለግል በነበረችው ባለ ቀይ ማብሪያ ኤክስቴንሽን ላይ ሰካው። «እኔ እያለሁ አንዲት ቪዲዮ አትጠፋም» ብሎም ማለ።

ቅጂው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ከዜሮ ይጀምራል። ላፕቶፑ ቀን ቀን ትምህርት ቤት ስለሚውል ያለው ጊዜ ከሥራ መልስ ነው። ዶክተር ጫማውን አውልቆ፣ ወንበሩን አስጠግቶ ዘብ ተቀመጠ። አሥር በመቶ ላይ ሲደርስ ደስ አለውና ተንጠራራ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ «ዲስኩ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ጠረጠረ። ከጓዳ ሌላ ገመድ አምጥቶ ሲቀይር ዲስኩ ነቃ። «አላልኩም? ገመዱ ነው!» አለ። ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ዲስኩ እንደገና ጠፋ።

ማክሰኞ ሶፍትዌሩን አደሰ። ረቡዕ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ያለውን ሁሉ ጠረገ፤ ፎርማት ያደረገው ባዶ ዲስክ መሆኑ ትዝ ያለው ሲጨርስ ነው።

ሐሙስ ዓይኑ አማቱ ላይ ዐረፈ።

እማማ የሚስቱ እናት ናቸው። አመሻሽ ላይ እዚያው ክፍል ውስጥ ሹራብ እየሠሩ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ዶክተር አንድ ነገር ልብ አለ። ዲስኩ በጠፋ ቁጥር ሬዲዮውም ዝም ይላል። ከዚያ እማማ ወገባቸውን ይዘው ይነሳሉ፤ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ይነካካሉ። ወዲያው ሬዲዮው ወሬውን ይቀጥላል።

የእሳቸውን ለመሰካት የእሱን ይነቅላሉ ማለት ነው! እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ለማግኘት አራት ቀን መፍጀቱ አናደደው።

«እማማ፣ እዚያ ሥር ምን ያደርጋሉ?»

«ይቺ ቀይዋ እኮ ልጄ...»

«ይተዉት እማማ፣ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። እባክዎ አይንኩብኝ።»

«እሺ። አንተም እግርህን ሰብሰብ አድርግ» አሉት። የክራቸው ጥቅል ተንከባሎ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ነበር።

ዓርብ ሬዲዮው ታገደ። እማማ ሹራባቸውን ብቻ ሠሩ። ዲስኩ ግን ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዶክተር ከጓዳ ሲመለስ እማማን ጠረጴዛው ሥር አጎንብሰው ያዛቸው። በዚያው ቀን ላፕቶፑ ለሦስተኛ ጊዜ ሰማያዊ ሆነ። በስንት ልመና ነው የተነሳው።

ሚስቱን ወደ ጓዳ ጠራት። «እናትሽን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ነገ ወንድምሽ ቤት ይዋሉ።»

«እናቴን ከቤት ልታስወጣት ነው?»

«ለአንድ ቀን ብቻ። ለልጆቹ ብለሽ።»

ሚስቱ አልጮኸችም፤ ለወንድሟ ደወለች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ሬዲዮአቸውን በሹራባቸው ጠቅልለው በሩ ላይ ቆሙ። «አስቸግሬህ ከሆነ ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። ዶክተር አፈረ፤ ግን የምርመራ ውጤት በይሉኝታ አይለወጥም ብሎ ራሱን አጽናና። ሚስቱ እናቷን ደግፋ ወጣች።

ቤቱ ጭር አለ። በሩን ቆለፈ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ቅጂውን አስጀመረ። አምስት በመቶ፣ ስምንት፣ አሥር። ከሰኞ ጀምሮ ያጣውን እፎይታ አገኘና እጅና እግሩን ዘርግቶ ተንጠራራ።

«ዲስኩ አልተገኘም።»

ተነስቶ ጓዳውን አየ። መጋረጃውን ገለጠ። ማንም የለም። ላፕቶፑ ማቃሰት ጀምሯል፤ ሰማያዊው አንዴ ከመጣ የስድስት ዓመት ድካም አፈር በላ። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተዘረጋና ለሚስቱ ደወለ።

«እንደገና ጠፋ» አላት። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር። «እናትሽ ከአንቺ ጋር ናቸው አይደል?»

«አጠገቤ ናት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማው። ከኋላ ሬዲዮው ያለማቋረጥ ያወራል።

«ልጄ» አሉት እማማ፣ «ዛሬ ማን ያበራልሃል? እግርህን ከቀይዋ ማብሪያ ላይ አንሳ።»