ለጓሮ የተለቀቁት

የመኖ ዋጋ አልቀመስ ሲለው፣ ለሥጋ የሚያደልባቸው ዶሮዎች ሳርና ትል እየለቀሙ እንዲውሉ ጓሮ ለቀቃቸው። ረፋድ ላይ ሲመለስ ግማሾቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተዋል፤ ጎረቤቱ ደርቤ ዱላ ይዞ የተረፉትን ከአጥሩ ጥግ ያባርራል።

«መርዝ አብልተህ ፈጀሃቸው!»

«ኧረ በማርያም! እኔ እኮ እንዳይበሉ…»

አላስጨረሰውም። ዱላውን ነጥቆ አናቱን ፈነከተው፤ ከወደቀም በኋላ ደሙ እጁን እስኪያለብሰው ድረስ ቀጠቀጠው። ደርቤን በቃሬዛ ወሰዱት።

የባለዶሮው ሚስት ከሞቱት ዶሮዎች አንዷን አንስታ ጉሮሮዋን በቢላ ሰነጠቀች። ቀይ ቀይ በቆሎ ተዘረገፈ።

«ይሄ የተባይ መድኃኒት የተለወሰ የዘር በቆሎ አይደል? ከየት አገኙት?»

ባሏ አጎንብሶ እጁን ታጠበ። የደርቤ ደም ወዲያው ለቀቀ፤ ትናንት አጥሩ ጥግ ሲዘራ ጥፍሩ ሥር የገባው የዘሩ ቀይ ቀለም ግን አልለቀቀም።