የላይኛው ፎቅ ሙቀጫ

ሕፃኑ ሦስት ወር ሞልቶት ገና አንገቱን ቀና አላደረገም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እናቱን፣ «አንገቱ እንዲጠና ሲነቃ በሆዱ አስተኚው፤ ከአጠገቡ ግን እንዳትጠፊ» ብላታለች። እናቱ በየቀኑ ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊቱ በሆዷ ተኝታ ታጨበጭብለታለች፤ እሱ ግንባሩን ደፍቶ ያለቅሳል። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው። የኮንዶሚኒየም በሯን የሚያንኳኳ የለም፤ ከነጋ እስኪመሽ የምታናግረው ይህንኑ ልጅ ብቻ ነው።

ዛሬም ገና እንዳስተኛችው ከላይኛው ፎቅ ሙቀጫው ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ወጥታ፣ «ልጄን አስደነገጡብኝ! ቤት ነው ወፍጮ ቤት?» ብላ ከእትዬ ጥሩሰው ጋር ተጣልታለች። ደሟ ፈልቶ ዳግመኛ ልትወጣ ብድግ አለች፤ ልጁን በሆዱ ትታው መሄድ ግን አትችልም። ልታነሣው ጎንበስ ስትል ለቅሶው ቆሟል። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ያዳምጣል።

ሙቀጫው ዝም ሲል ጭንቅላቱ ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

ልጁን ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። እትዬ ጥሩሰው ዘነዘናውን እንደያዙ በሩን ከፈቱ።

«ደግሞ መጣሽ? ጨረስኩልሽ እኮ!»

«አይ፣ እትዬ...» አለች ልጁን እያስተካከለች። «ሌላ የሚወቀጥ የለዎትም?»